ገደሉን ያልተሻገረች ቃል

ዶክተር አንዳርጌ ሐሙስ ዕለት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሕልም አየ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ እሱ ግን ሕልም የኬሚካል ግርግር ነው ባይ ነው።

ሰውየው የአእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ ነው። የአንጎል ኬሚካሎች ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገሩ ሠላሳ ዓመት ሲያጠና ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ያን ቀን የተቀመጠው ወይዘሮ የሺመቤት አልጋ አጠገብ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት አሥራ አንድ ዓመት ቃል አልተነፈሱም፤ እሱ የሠራውን አዲስ መድኃኒት መውሰድ ከጀመሩ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ የጥናት ኮሚቴ የመድኃኒቱን ውጤት የሚገልጸውን ቅጽ ከእሱ ይረከባል። አንዳርጌ «ለውጥ የለም» ብሎ ከፈረመ መድኃኒቱ ይቋረጥባቸዋል። ለውጥ ደግሞ የለም። እያዘነ እስክሪብቶውን አነሳ፤ ሳያስበው እንቅልፍ ሸለብ አደረገው።

በሕልሙ የሆስፒታሉ ግቢ ተገልብጦ ጠበቀው። ሐኪሞቹ፣ አንዳርጌም ጭምር፣ ፒጃማ ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ሕመምተኞቹ ነጭ ጋውን ደርበው ያክማሉ። የቤተ ሙከራው አይጦች መነጽር አድርገው አጥሩ ላይ ተደርድረዋል።

«ይኸኛው አይብ ሲያይ አይሮጥም» አለ አንዱ አይጥ አንዳርጌን እያየ።

«ጻፈው። ተስፋ ቆርጧል በል» አለ አለቃው።

ከፊቱ የተሰለፈው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ማዘዣውን እያየ ያለቅሳል። «በቀን ሦስት ጊዜ ዝናብ ተመልከት አሉኝ! በዚህ በጋ ከየት አመጣለሁ?»

«ቁጥር ሠላሳ አራት!» የሚል ጥሪ ተሰማ። ይህ አንዳርጌ ራሱ በጥናቱ ለወይዘሮ የሺመቤት የሰጣቸው ቁጥር ነበር። ገባ። ወይዘሮ የሺመቤት የሐኪም ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል።

«ስም አለኝ እኮ! አንዳርጌ እባላለሁ» አላቸው።

«ስም አለኝ ማለት ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?»

እሳቸው ሻሻቸውን ገለጥ አደረጉና ከጆሯቸው በላይ ያለች ትንሽ በር ከፈቱ። «በል ግባ። ጫማህን አውልቅ።»

አውልቆ ገባ፤ ገብቶም ደርቆ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሲለፋበት የኖረው ያ በነርቭና በነርቭ መካከል ያለ፣ ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት፣ ወፍ የማይሻገረው ገደል ሆኖ ተዘርግቷል። ከሥሩ ወንዝ ይጮኻል። ሰማዩ ያስባል፤ ባሰበ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ይበራል። አንዳርጌ ፈራ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ደስ አለው፤ እንባው መጣ።

«ይህን ሁሉ ነው በብልቃጥ ስለካ የኖርኩት?» አለ።

አፋፉ ላይ አንድ አጭር ሽማግሌ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ቆመዋል።

«አባቴ፣ ምን ይዘዋል?»

«ቃል። መልእክተኛ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት መሻገሪያ አጣሁ።»

«መድኃኒቴስ አልረዳዎትም?»

«ያ ድልድይ ያንተ ነው?» አሉና በአገጫቸው አመለከቱት። ከማዶ ጀምሮ እንጨት በእንጨት ላይ ተጋድሞ መጥቷል፤ እዚህ ሊገጥም የቀረው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። «ተባረክ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያፈርሱታል ይባላል። የሚፈርም ሰው አለ አሉ።»

አንዳርጌ አፈረ። እጁን ቢያይ እስክሪብቶው አለ። ጎንበስ ብሎ በቀረችው ስንዝር ላይ አጋደመው። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን አሳረፉበት። እስክሪብቶው ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውን እግራቸውን ሲያነሱ...

«እስክሪብቶህ ወደቀ፣ ልጄ።»

ነቃ። እስክሪብቶው ወለሉ ላይ ነው። የሰማው ድምፅ ብዙ ዘመን እንዳልተከፈተ በር የሚንቋቋ ነበር፤ የወይዘሮ የሺመቤት ከንፈርም ገና አልተገጠመም። ልክ በዚያው ቅጽበት ነርሷ ሲስተር ብርቄ ቅጹን ልትወስድ ገባች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

«ተናገሩ! ብርቄ፣ ተናገሩ እኮ! እስክሪብቶህ ወደቀ አሉኝ!»

ሲስተር ብርቄ ወደ አልጋው ዞረች። ወይዘሮ የሺመቤት እንደ ወትሯቸው አፋቸውን ገጥመው ግድግዳውን ያያሉ። ወንበር ሳበችና ከዶክተሩ ፊት ተቀመጠች። ሕመምተኛ እንዴት እንደሚጠየቅ እሱ ራሱ እንዳስተማራት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትቸኩል ጠየቀችው።

«ዶክተር፣ ይህን ድምፅ የሚሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት?»