የነገሩትን ሁሉ የሚያምነው ክቡር ሄይኪ

ውሸታም ጎረቤት ይቻላል። ግማሹን ትጥልለታለህ፣ ግማሹን ትይዝለታለህ፣ ኑሮ ይቀጥላል። ነገረኛም ይቻላል፤ ከሩቅ ሰላም ብለህ ታልፈዋለህ። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ መላ ያጣለት የነገርከውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ለሳቢያን ሰፈር ሰዎች የደረሰን ከፊንላንድ ነው።

ክቡር ሄይኪ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ስለ ጎርፍ ሊማር ወደ ዩኒቨርሲቲው የተላከ ተማሪ ነበር። እኔ በተከራየሁበት በዳሃቦ ግቢ እሱም አንድ ክፍል ተከራየ። አገሩ ሳለ አንድ ዓመት ሙሉ አማርኛ ከመጽሐፍ አጥንቷል። መጽሐፉ ሰው አክብር ብሎት ኖሮ የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ «እርስዎ» ይላል፤ «ክቡር» ያልነውም ለዚህ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አሸዋ ሲበትንበት «እባክዎ ይተዉ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁም ተወ። እኛ ስንጮህበት ትቶ አያውቅም።

መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ዘሎበታል፤ አፋችን ሌላ፣ እኛ ሌላ መሆናችንን።

በመጀመሪያው ጠዋት አከራያችን ዳሃቦ ግቢውን እየጠረገች «እንዴት አደርክ?» አለችው። ቆመ። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። አሰበ። «መጥፎ አደርኩ» አለ። «ሙቀቱ አላስተኛኝም። ሆዴ ሦስት ጊዜ አስነሳኝ። ግራ ጉልበቴም ትንሽ ያመኛል።»

«ወላሂ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ እንዲለኝ ነው እንጂ ስለ ሆዱ መች ጠየቅኩ» አለችኝ በኋላ።

በዚያው ሳምንት በአንድ ቀን አራት ምሳ በላ። ከታክሲ ወርዶ ግቢያችን እስኪደርስ ጥላ ሥር ለምሳ የተቀመጡ አራት ቤቶች ነበሩ። አራቱም፣ እንደ ወጉ፣ «እንብላ» አሉ። እሱም አራቱም ጋ ተቀምጦ በላ። እቤት ሲገባ አይኑ ፈጦ ነበር።

«አቦ፣ ጠግቤያለሁ አይባልም እንዴ?» አልኩት።

«አራተኛው ቤት ብያለሁ። ሴትየዋ ‹በሞቴ› አሉኝ። ሩዝ ስላልበላሁ ሰው እንዲሞት አልፈልግም።»

ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንድ መምህራቸው «እንዳታፍሩኝ፣ ጉድለቴን ንገሩኝ» ይላል። ይህን የማይል መምህር የለም። የእኛ ልጆች ሲባሉ «ምንም የለም መምህር» ይላሉ፣ ሁሉም በሰላም ይለያያል። ክቡር ሄይኪ በማግስቱ ሁለት ገጽ ጽፎ መጣ። ዘጠነኛው ነጥብ ስለ መምህሩ መነጽር ነበር አሉ። ክፍሉ በሙሉ ብዕር የወደቀበት ይመስል ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ይህን ሁሉ ጫት በሚቃምበት በየበርጫው ያዳረስኩት እኔ ነኝ። አራቱ ምሳ ከዚራ ሰፈር ሲደርስ ሰባት ሆኖ ነበር፤ ሦስቱን የጨመርኩት እኔው ነኝ፣ አልክድም። ሰውየው ለእኔ ደመወዝ ነበር።

አሁን ወደ ኑሪ ልምጣ። ኑሪ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሄይኪንም በየጠዋቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው እሱ ነው። ከኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛዋ ከፋርሂያ ጋር ይዋደዳሉ። ችግሩ አባቷ አቶ አብዲራሺድ ናቸው። ምድር ባቡር ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር አስነስተው ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸውን በዚህ ሙቀት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ኑሪ ለፋርሂያ የላካቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰዋል። ኑሪ ሦስተኛ ከተመለሰ ባጃጁን ሸጦ ጅቡቲ እንደሚገባ ምሏል።

ሽማግሌነቱን ለሰፈራችን አዛውንት ለሐጂ ጦልሃና ለእኔ ሰጠን። ሦስተኛው ሰው በወባ ተኛ። ኑሪም «ሄይኪ ይሙላልኝ» አለ። ፈረንጅ ሽማግሌ ክብር መስሎት ነው።

«ወሪያ፣ አብደሃል?» አልኩት።

«ዝም ብሎ ይቀመጥ። ዝምታ እንደሆነ ከአገሩ ይዞ የመጣው ነው።»

ሄድን። ተቀመጥን። ሐጂ ዱዓ አደረጉ። እኔ ነገሩን ከፈትኩ፤ ኑሪን እንዲህ አሳምሬ ስገልጸው እኔ ራሴ ልጅ ልድርለት አማረኝ። አቶ አብዲራሺድ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ሰሙኝ።

«ይቅማል?» አሉ።

«ኧረ በጭራሽ። ጫት የያዘ ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይራል።»

ወደ ሄይኪ ዞሩ። «አንተስ፣ ልጄ? ይቅማል?»

ሄይኪ አሰበ። «ይቅማል» አለ። «ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ። ዓርብ ትንሽ ይረዝማል።»

የሐጂ መቁጠሪያ ቆመ።

«ሌላስ?»

«እየነዳ ይዘፍናል። ድምፁ ጥሩ አይደለም።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ሳቋን አፈነች። አቶ አብዲራሺድ አልሳቁም። ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ሴት ልጅ ብትኖርህ ትድርለት ነበር?»

ሄይኪ እንደገና አሰበ። አስቦ እስኪጨርስ ሐጂ ሁለት ጊዜ «ቢስሚላህ» አሉ። ኑሪ ጅቡቲ ሲገባ ታየኝ።

«ሴት ልጅ የለኝም» አለ በመጨረሻ። «ስለዚህ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። በዚህ ከተማ ብዙ ሰዎች ነገ እመጣለሁ ብለውኛል። ይህ አጠገቤ የተቀመጠው አየነው ለምሳሌ አሥራ አንድ ጊዜ ብሎኛል፣ ሁለቴ መጥቷል። ኑሪ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ አለ። አራት ወር ሙሉ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። አንድ ቀን ብቻ ሁለት ደቂቃ ዘገየ። ጎማ ፈንድቶ ነበር።»

«ሁለት ደቂቃ» አሉ አቶ አብዲራሺድ።

«ሁለት።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህ ከተማ ሰው እየዘገየ «ባቡሩን ያዙልን» ሲላቸው ኖሯል። ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጅቷ ገና ናት። እናስብበት። እሑድ ተመለሱ።»

ጥግ ላይ ኑሪ ባጃጁ ውስጥ ይጠብቀናል። ሄይኪ ቀድሞን ደረሰና እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። «በጣም አዝናለሁ» አለው። «አልተሳካም።» ኑሪ መሪው ላይ ተደፋ።

«አቦ ተነሥ» አልኩት ሮጬ ደርሼ። «‹እናስብበት› ብለዋል። እሑድ ኑ ብለዋል። ሰጡን እኮ።»

ኑሪ ሳቀም አለቀሰም። ሄይኪ እኔን አየኝ። «ታዲያ ለምን ሰጠናችሁ አላሉም?»

«ባጃጁን አስነሣ» አልኩት ኑሪን።

ሠርጉ የሆነው ሄይኪ አገሩ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ የከዚራ ሰው፣ ከእኔ የሚያንስ ወሬኛ፣ ጨዋታውን ይዟል። «ያ ፈረንጅ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ፣ ‹ሙሽራው ሌባ ነው፣ እንዳትሰጡት› ብሎ የልጅቷ አባት በከዘራ አሯሯጡት አሉ!» ገበታው በሳቅ ፈረሰ።

«እንዲህ አላለም» ብዬ ተናገርኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«‹ይቅማል› ነው ያለው። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ። ያሯሯጠውም የለም።»

«አየነው፣ ምነው አቦ» አለ ሰውየው። «ወሬ አይደል እንዴ? ከመቼ ወዲህ ነው አንተ እውነት መናገር የጀመርከው?»

ሩዜን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ታሪኩን ከሥሩ ጀመርኩላቸው፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ሰውየው የተናገረውን ብቻ። ማንም አልሳቀም። አንዱ ስልኩን አወጣ፣ አንዱ ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሣ። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።