ጋዛን ጉለሌ ያመጡ ጎረቤቶቼ

እኔን ብሎ አስታራቂ፤ ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት ምን ጥልቅ አደረገኝ? ግን እናንተስ፣ በሰው አገር ጦርነት የሚኮራረፍ ጎረቤት የላችሁም? የእኛዎቹ አቶ ታደሰና ሐጂ ሰኢድ ናቸው። ድሮ በአጥራቸው መሐል ባለችው በር ለፋሲካ ድፎ ዳቦ፣ ለኢድ ተምር ይተላለፍ ነበር። ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር። ዘንድሮ አንዱ ለእስራኤል፣ ሌላው ለፍልስጤም ወግነው ዜና ሲያዩ ተጣሉና በሯን በሚስማር መቷት።

ሄጄ፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ጋዛ የምትሉት ከእኛው ቁስቋም ቤተክርስቲያን በላይ ነው በታች?» ብላቸው ሁለቱም ሳቁ፤ ሚስማሩም ተነቀለ። ሁለት አገር ያስታረቅኩ ይመስል እየተጎማለልኩ ስመለስ ጎረቤቴ ዘነበች ጠበቀችኝ።

«እማማ፣ ይሄን ሁሉ ወር በሰው ሞት ሲጨቃጨቁ አንዳቸውም ነፍስ ይማር ሲል አልሰማሁም» አለችኝ።