የአውራ ጣቱ ችሎት

ዘፈን ጀምሮ የሚጨርስ ሰው ዘሩ ጠፍቷል። ዛሬ በየታክሲው፣ በየቢሮው፣ በየቤተ ዘመዱ አንድ ዘፈን ዘላይ አይጠፋም። የኛ ካፌ ዘላይ ግን የዘላዮች ሁሉ አለቃ ነው፤ «ክቡር ገባኝ» እንለዋለን። ስልኩ ውስጥ የዓለም ዘፈን ሁሉ አለ፤ እስከ መጨረሻው የሰማው አንድም የለም። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት አውራ ጣቱ ብድግ ትላለች፦ «ገባኝ! ቀጥል!»

በካሴት ዘመን እንዲህ አልነበረም አሉ። አንድ ዘፈን ለመዝለል ማጠንጠን፣ አልፎ መገኘት፣ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት፤ ከዚያ ሁሉ ጣጣ መስማቱ ይቀል ነበር። ስልክ መጣና ጣቱን ነጻ አወጣት።

በሽታው ወደ ወሬም ተዛምቷል። ሚስቱ «ዛሬ ገበያ ሄጄ…» ስትል «ገባኝ፣ ተወደደ» ይላታል። በእህቱ ሰርግ የሙሽራው አባት ንግግር ሲያደርጉ፣ ጣቱ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ወደ ጎን ስትጠርግ በዓይናችን አይተናል።

ከካፌው ፊት ለፊት አንድ ሙዚቃ አሳታሚ አለ። ድሮ ካሴት በካርቶን ያስጭን የነበረው ሰውዬ፣ ዛሬ ሀብቱ አንድ ኮምፒውተርና በመስታወት የተከለለች መቅረጫ ክፍል ናት። አድማጭ መግቢያው ላይ ከዘለለ ዘፈኑ አከተመለት፤ ስለዚህ አዲስ ሥራ ከመልቀቁ በፊት ክቡርነታቸውን ያስጠራል። ጣታቸው የተነሳችበት ቦታ ይቆረጣል። ይግባኝ የለም።

ባለፈው ሰሞን ለፍርድ የቀረበው የአንድ አንጋፋ ጊታር ተጫዋች ሥራ ነበር። መግቢያው ጊታር ብቻ ነው፤ ረጅም።

«ጋሼ፣ ይሄን ዛሬ ማን ይታገሠዋል? እንቁረጠው» አለ አሳታሚው።

«እሱን ከቆረጥከው የኔ ምኑ ቀረ?»

«እንግዲህ ገባኝ ይዳኘን።»

ሽማግሌው ከመስታወቱ ወዲያ ጊታራቸውን ታቅፈው ቆሙ። ገባኝ ዘፈኑ የተጫነበትን ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ጊታሩ ጀመረ። ቀጠለ። አሁንም ቀጠለ። እኛ በር ላይ ተኮልኩለን ጣቱን እናያለን። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ጣቱ ብድግ ስትል በሌላ እጁ አፈፍ አድርጎ ያዛት፤ አልበቃ ቢለው ጭኑ ሥር ወሽቆ ተቀመጠባት። ዘፈኑ እስከ መጨረሻዋ ድምፅ ተሰማ።

«በቃ፣ አይቆረጥም!» አለ አሳታሚው፣ የራሱን ጆሮ እየተጠራጠረ። ሽማግሌው ጊታራቸውን ሳሙት።

ካፌ ስንመለስ ከበብነው። «አንተ፣ ምን ነካህ? ወደድከው እንዴ?»

«እኔ እንጃ» አለ ጣቱን እያሸ። «ሰውዬው በመስታወቱ ያዩኝ ነበር እኮ! ዓይን ለዓይን እየተያየን እንዴት ብዬ ልዝለላቸው? ስልክ ውስጥ ያለው ዘፋኝ መቼ ያየኛል?»

ከዚያ ወዲህ ከመሐላችን ሆዱ የባሰው፣ ረጅም ወሬ ያለው ሁሉ ወንበሩን ይስብና ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ምስኪን፣ እየተቁነጠነጠም ቢሆን እስከ መጨረሻው ይሰማል።