እርቃኗን የመጣችውን መኪና ያለበስኩ ዕለት

ዛሬ በገዛ እጄ የሠራሁትን ጉድ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ስቃችሁ ከወንበር ብትወድቁ ኃላፊነት አልወስድም።

እንደምታውቁት መዳፍ የምታክል የብረት መኪና የምሰበስብ ሽማግሌ ነኝ። እኩዮቼ ጥርስ ያስተክላሉ፣ እኔ መኪና እደረድራለሁ። ባለቤቴ ዘሃራ ቁም ሳጥን ከፍታ ለልብሷ ቦታ ስታጣ «ዛሬም ጋራዡ ሞልቷል» ትላለች።

ከወር በፊት እዚህ ድሬ አሸዋ ገበያ፣ አሮጌ ቁልፍና ማጠፊያ የታጨቀበት ካርቶን ውስጥ አንዲት መኪና አገኘሁ። ቀለም የላትም። መስታወት የላትም። ግራጫ ብረት ብቻ። ሆዷ ሥር በብሎን ታስራለች፤ ከብሎኑ አጠገብ በመርፌ የተጫረ የሚመስል ቁጥር አለ።

ፎቶ አንስቼ ሰብሳቢዎች የምንገናኝበት ግሩፕ ላይ ለጠፍኳት።

ግሩፑ ተናወጠ።

አዲስ አበባ ያለ ዳንኤል የሚባል ልጅ (ልጅ ስላችሁ አርባን ያለፈ) ወዲያው ደወለ። «ጋሼ፣ ይቺ ፕሮቶታይፕ ናት» አለኝ። ፋብሪካው በብዛት ከማምረቱ በፊት ለሙከራ ጥቂት ብቻ ይሠራል አሉ፤ የኔዋ ከነዚያ አንዷ መሆኗ ነው።

«ይሽጡልኝ» አለ። እንቢ አልኩ። ኩራት ነዋ።

ከዚያ እሱ ዘንድ ያለችውን መኪና ፎቶ ላከልኝ።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ።

የድሮዋ የድሬ ታክሲ። ሰማያዊና ነጭ፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ። ዘሃራን ሙሽራ አድርጌ ያመጣኋት በእንደዚያች ዓይነት ታክሲ ነው። የኋላ በሯ አልዘጋ ብሎን እስከ ቤታችን ድረስ በግራ እጄ በሩን፣ በቀኝ እጄ ሙሽራዋን ይዤ ነው የገባሁት።

ተስማማን። ልውውጥ። ዛሬ ከሰዓት ለሥራ ድሬ ሲመጣ ታክሲዋን ሊያመጣ፣ የኔዋን ሊወስድ። ለዘሃራ ትንፍሽ አላልኩም። ድንገት ፊቷ ላስቀምጥላት ነው ሐሳቤ። «ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ መኪናዋን ሊያይ ይመጣል» ብቻ አልኳት።

ትናንት ዳንኤል የስድስት ደቂቃ ቮይስ ላከ። ስድስት ደቂቃ! በኔ ዕድሜ የሚባክን ስድስት ደቂቃ አለ እንዴ? ሰላምታው እስኪያልቅ ሰምቼ ዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት ዘሃራ መኪናዋን አነሳች፣ ገለበጠቻት፣ መልሳ አስቀመጠቻት።

«አቦ አንተ፣ ይቺን ነው ለእንግዳ የምታሳየው?»

«ምን ሆነች?»

«ሠላሳ ዓመት ፉርጎ ስትቀባ ኖረህ፣ ሰው ቤትህ መጥቶ ያልተቀባ ብረት ይይ? ጡረታ ሲወጣ እጁም አብሮ ወጣ አይልም?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

የባቡር ጋራዥ ቀለም ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። አለቃችን አንድ ሕግ ነበረው፤ ብረት እርቃኑን ከዚህ ግቢ አይወጣም። እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ሕጉ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ድሬ በሯን ዘግታ እኩለ ቀን ላይ ስትተኛ እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኳት። ያቺን ቁጥር ጭረት ናት ብዬ አለሰለስኳት። ብሎኑ ሲያስጠላኝ በስቱኮ ደፈንኩት። አንድ ዙር አንቲረስት፣ ከዚያ ሁለት ዙር ቀይ። በድሬ ፀሐይ «ደረቀ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም።

ዘሃራ አይታ «ማሻአላህ» አለች። ለመጨረሻ ጊዜ ማሻአላህ ያለችኝ መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

ዳንኤል በባጃጅ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን አወለቀ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ከኪሱ ነጭ ጓንት አውጥቶ አጠለቀ። ቀዶ ሐኪም መሰለኝ።

እኔም መኪናዋን የሸፈንኩበትን መሐረብ ገለጥኩ።

ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ።

«ጋሼ… ያቺኛዋ የት አለች?»

«ራሷ ናት። አሳምሬልህ ነው እንጂ።»

ገለበጣት። ብሎኑን ፈለገ። ቁጥሩን ፈለገ። ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀ። ከዚያ በኋላማ ጓንት ምን ያደርጋል?

«ቮይሱን አልሰሙትም?»

«ሰምቼዋለሁ» አልኩ። ሰላምታውን ሰምቻለሁ፤ ወላሂ ውሸት የለበትም።

ስልኬን ተቀብሎ ከፈተው። ሰላምታው አለቀና የራሱ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። «ጋሼ፣ ዋጋዋ አለመቀባቷ ነው። ብሎኑና ቁጥሩ ምስክሮቿ ናቸው። እባክዎን በጨርቅ እንኳን እንዳይጠርጓት።»

በጨርቅ እንኳን።

«ቀለሙን ባስለቅቀውስ?»

«ቀለሙስ ይለቃል፣ ጋሼ። የተፋቀው ቁጥር ከየት ይመጣል?»

የቀረበለትን ሻይ ጠጣ። ሲነሳ «ቀለሙ ግን በጣም ያምራል» አለኝ፣ ለቅሶ ቤት «አይዞዎት» በሚባልበት ድምፅ። ያመጣት ታክሲ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪያልቅ ጠረጴዛዬ ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ በጥጥ ተጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ገባችና ሄደች።

ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ አይታታለች።

«ያቺ ታክሲ…» አለች።

ተናዘዝኩ። ልውውጡን፣ ድብቁን፣ ያልተሰማውን ቮይስ፣ አልዘጋ ያለውን በር ሳይቀር።

ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ቀይዋን መኪና አንስታ ብዙ አየቻት።

«ታዲያ አንተ ጅል፣ ታክሲ ከፈለግክ ምን ቀይ አስቀባህ?»

ይህን ስጽፍላችሁ የቀይዋ መኪና ጣሪያ ነጭ ሆኖ ደርቋል። ሰማያዊው አንድ ዙር ይቀረዋል። ዘሃራ አጠገቤ ተቀምጣ «የኋላ በሯ ላይ ጥቁር መስመር አስምርበት፣ ያልተዘጋ ይምሰል» እያለች ታዘኛለች። ሠላሳ ዓመት አለቃዬ የነበረው ሰውዬ እንኳን እንዲህ አላዘዘኝም።

በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂቶች አንዷን ያጠፋ ሽማግሌ ምን ይማራል? ቮይስ እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ በቃ ይኸው ነው።

ግን እስቲ ከሥር የለጠፍኩትን ፎቶ አጉልታችሁ እዩልኝና እውነቱን ንገሩኝ፤ አንዲት የቀለም ጠብታ እንኳን ፈሳለች?