የተሰረዘው ፊደል

ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ትልቁ መከራው ሁሉን ያውቃል መባሉ ነው። እኔ ሶቪየት ኅብረት ቆይቼ የተማርኩት የትራክተር ጥገና ነው። ጂንካ ስመለስ ግን ከተማው የሩሲያ ሊቅ አድርጎ ሾመኝ። ሩሲያኛዬ ከብሎንና ከነዳጅ ፓምፕ አልፎ እንደማይሄድ ብናገር ማን ይሰማኛል?

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የጸጥታ ኃላፊው አስጠራኝ። ዘመኑ ሲጠሩ ‘ለምን’ የሚባልበት ስላልነበረ፣ ባለቤቴን ተሰናብቼ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ጎረቤቴ መምህር ጴጥሮስ ጢሙ አድጎ፣ ፊቱ ገርጥቶ ቆሟል። ታስሮ ሰንብቷል።

ጴጥሮስ የአሪ ሰው ነው። በቋንቋው አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገር አንድ ‘ደ’ አለ፤ የእናቱ ስም የሚጀምረው በእሱ ነው። በእኛ ፊደል ሲጽፈው የሌላ ሴት ስም እየሆነበት ይንገበገብ ነበር። ይኼን ብሶቱን ቱርሚ ላይ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ለመጡ አንድ የሶቪየት ሽማግሌ በአስተርጓሚ ነገራቸው። ሽማግሌው እሳቸውም ከትንሽ ሕዝብ የተወለዱ ኖሮ፣ የሕዝባቸውን አሮጌ የፊደል መማሪያ ሰጥተውት አገራቸው ገቡ። መጽሐፉ የጴጥሮስ ቤት ሲፈተሽ ተገኘ።

ኃላፊው መጽሐፉን ገፋ አደረገልኝ። “ጓድ፣ ይኼ የሩሲያ ፊደል ነው ወይስ የጠላት ምስጢር ጽሑፍ?”

ገለጥኩት። አብዛኞቹ ፊደላት የድሮ ወዳጆቼ ናቸው። በመካከላቸው ግን ወገቡን በመቀነት የታሰረ ክብ፣ ጭራ ያበቀለ፣ ቀንድ ያወጣ ፊደል ተሰግስጓል። እንዲህ ያለ ጉድ በየትኛውም ትራክተር ላይ ተጽፎ አላየሁም።

“የሩሲያ ነው” አልኩ። “እነዚህ የተጨመሩ ናቸው። ቋንቋቸው የተለየ ሕዝቦች ድምፃቸው እንዳይቀርባቸው የጨመሯቸው ይመስለኛል።”

“እዚያ ትንሽ ሕዝብ ሁሉ የራሱን ፊደል ይጨምራል ማለት ነው?” ድምፁ ለስለስ አለ። የሱ ልስላሴ ደግሞ ከቁጣው ይብሳል።

እስቲ ፍረዱኝ። አዎ ካልኩ ጴጥሮስ ጠባብ ብሔርተኛ ሊሆን ነው። አይ ካልኩ መጽሐፉ የጠላት ምስጢር፣ እሱም ሰላይ። ምን ይመለሳል?

“ድሮ ነበር” አልኩት። “አሁን ተሰርዟል።”

ያልኩት እውነት ይሁን ውሸት እኔም አላውቅም። ኃላፊው ግን ‘ተሰርዟል’ የምትለዋን ቃል ወደዳት። የተሰረዘ ነገር ለእሱ ያለቀ ጉዳይ ነው። ጣቱን ባለመቀነቱ ክብ ላይ አሳርፎ “ይቺ ምን ተብላ ትነበባለች?” አለኝ።

“አላውቅም።”

ጴጥሮስ አንገቱን እንደ ደፋ “እኔም እሷን ልጠይቅህ አስቤ ነበር” አለኝ። ነፍሱ በክር ተንጠልጥላ ስለ ‘ደ’ ይጨነቃል። ልሳቅ ይሁን ላልቅስ ግራ ገባኝ።

ኃላፊው መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበትና ጴጥሮስን “አንተ መሄድ ትችላለህ” አለው። እኔም ተከትዬው ልወጣ ስል “ጓድ፣ አንተ ቆይ” አለኝ። “ወዳጅ አገር ራሱ የሰረዘውን ፊደል አንተ ከየት አወቅከው?”

ማታ እስር ቤቱ ጥግ ላይ ጴጥሮስ ይተኛበት የነበረውን ፍራሽ ሰጡኝ። ሊቅ በመሆኔ ይመስለኛል፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ነበሩ።