የወንዳፍራሽ ስምንተኛው ሳምንት

መሬት የገዛ ሞልቷል፣ ቤት የገዛም እንደዚሁ። ሳምንት የገዛ ግን በሲያትልና በአካባቢዋ ከምንኖር ምእመናን መካከል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሬንተኑ ወንድማችን ወንዳፍራሽ። ይህ ታላቅ ሥራ ሳይመዘገብ እንዳይቀር፣ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩት እኔ ኪዳነ ወልድ፣ ቃለ ጉባኤ በለመደ እጄ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ2006 ነው፤ ዘመኑን በፈረንጅ የምቆጥረው ውሉ በፈረንጅ ስለተጻፈ ነው። ወንዳፍራሽ ያኔም አሁንም ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ነው። አንድ ቀን ነጻ እራት ተጋበዘ። ሸርጣን ቀረበ። ሸርጣን ስለማይበላ ዳቦውን በላ፤ ዳቦውን በልቶ ሳይጨርስ ውል ፈረመ። አሥራ አራት ሺህ ዶላር የወጣበት ዳቦ በማኅበረሰባችን ታሪክ ያ የመጀመሪያው ነው።

የገዛው ታይምሼር የሚባለውን ነው። ከተራራው ማዶ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ አንድ ክፍል፣ በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት፣ የእሱ ይሆናል። ሻጩ ያሳየው ፎቶ የነሐሴ ነበር። የተሸጠለት ግን የዓመቱ ስምንተኛ ሳምንት፣ ማለትም የፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ይህን ስጠይቀው፣ «ሐይቁ እኮ ያው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሐይቁ ያው ነው፤ በረዶ ሆኖ ጠበቀው እንጂ።

ባለቤቱ ሮማነወርቅ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በዓመት ያላት ዕረፍት አንድ ሳምንት ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺ ሳምንት ለውርጭ ተሰጠች። ሆቴሉ ቁርስ በነጻ ያበላል፤ እንቁላልና ቋሊማ። ስምንተኛው ሳምንት ደግሞ ወይ ነነዌ ወይ ሁዳዴ አያጣውም። ስለዚህ ሮማነወርቅ ነጻውን ቁርስ ስታሸት ቆይታ ወደ ሞቀው መዋኛ ትገባና አንገቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆና ትጸልያለች። ስለ ምን እንደምትጸልይ ባሏ አልጠረጠረም።

በ2014 በጋ፣ የእህቷ የሳሌም ሠርግ ለሚቀጥለው ዓመት ሰኔ አትላንታ ላይ ተቆረጠ።

«ስማ ወንዴ» አለችው። «ሳሌም የምትዳረው አንዴ ነው። እኔም ያለችኝ አንድ ሳምንት ናት። እስከ ታኅሣሥ ፈቃዴን ማስመዝገብ አለብኝ። ወይ ያ ሳምንት ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።»

«የተከፈለበት ነገር እንዴት ይባክናል?»

«አንተ ባክነህ የለ።»

ወንዳፍራሽ በሳል ሰው ስለሆነ ለመሸጥ ወሰነ። ሬንተን ውስጥ ቤት ሁሉ ዋጋው ጨምሯልና ሳምንቱም ሳይጨምር አይቀርም ብሎ አሥራ ስምንት ሺህ ጠራ። አንድም ሰው ስላልደወለ፣ ዋጋውን ያሳንስ እንደሆነ ለማማከር ሬድመንድ ከተማ ከሚኖረው የደብራችን ልጅ፣ ከኮምፒውተር መሐንዲሱ መልከጸዴቅ ዘንድ ውሉን ይዞ ሄደ። ልጁ አነበበ፤ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ኤክስፓየር ያደርጋል።»

«ምኑ?»

«ሳምንቱ። በ2021 መጨረሻ ያበቃል። ሶ፣ ከእርስዎ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ሰባት ሳምንት ብቻ ነው። በየዓመቱ ደግሞ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል።»

«እሺ፣ የሰባቱን ይክፈለኛ።»

«ገደብም አለበት። ሲሸጡት ሁለተኛው ባለቤት መዋኛውና ቁርሱ ይቀርበታል። ሦስተኛው ባለቤት ደግሞ ጭራሽ ለማንም ማስተላለፍ አይችልም። ዓመታዊው ክፍያ፣ ዘጠኝ መቶ ዶላሩ ግን፣ ለሁሉም አለ።»

«በአጭሩ ስንት ያወጣል?»

መልከጸዴቅ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረለት። «ይኸው፣ ሰዉ በአንድ ዶላር ለሽያጭ እያወጣው ነው።»

«ለአንድ ቀን?»

«ለሰባቱም ዓመት። እስካሁን ገዢ አላገኙም።»

ውሉ ላይ ግን አንድ ተስፋ ነበረ። ማንም ከመግዛቱ በፊት ኩባንያው «እኔ ልግዛው» የማለት የቀዳሚነት መብት አለው። ለማሰብም ሠላሳ ቀን ተሰጥቶታል። ወንዳፍራሽ ኮል አደረገ። ኩባንያው ሠላሳውን ቀን አልተጠቀመበትም፤ አራት ደቂቃ በቅቶታል። ሳምንቱን አሥራ አራት ሺህ ያወጣል ብሎ የሸጠ ኩባንያ በነጻም አልፈልግም ሲል መስማት፣ ወንዳፍራሽ እንዳለኝ ከሆነ፣ ሆድ ያባባል።

እዚህ ላይ ነው ቤተክርስቲያን የደረሰችለት። የእኛን ጨረታ የማያውቅ ካለ ላስረዳ፦ ዋጋ የሚወስነው ዕቃው ሳይሆን ማን እያየ ነው የሚለው ነው። አምና አንድ ጃንጥላ፣ ከነዋጋው ወረቀት ሃያ አምስት ዶላር የሚል፣ ሦስት ሺህ ወጣ። ያሸነፈው ሰው «መልሼ ሰጥቻለሁ» አለ፤ እንደገና ተጫርቶ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አወጣ። በሲያትል ዝናብ ያን ጃንጥላ ይዞ የታየ ሰው እስካሁን የለም።

ስለዚህ ወንዳፍራሽ ሳምንቱን ለደብሩ በስጦታ ሰጠ። ሮማነወርቅ እልል አለች። ወረቀቱን እኔው ፈረምኩ፤ ደብሩም በሕግ ሁለተኛው ባለቤት ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ከኩባንያው አንድ ፖስታ መጣ። የሚቀጥለው ዓመት ዘጠኝ መቶ ዶላር ይከፈል ይላል። ከፍቼ አነበብኩት፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ምእመናንን ማስደንገጥ አልወድም።

ጨረታው በጥቅምት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ተከፈተ። አጫራቹ ዘመድኩን ድምፁ ማይክ የማይፈልግ ሰው ነው፣ ቢሆንም ማይክ ይይዛል። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ንጹሑ አየር ተናገረ። ስለ ፌብሩዋሪ አልተናገረም።

መልከጸዴቅ ከኋላ እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ ይሄ ነገር እኮ በ2021 ያበቃል።»

«ልጄ፣ ሁላችንም እናልፋለን» አሉት አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ቁጭ በል።»

ሬንተኖች አምስት መቶ ሲሉ የሾርላይን ሰፈር ምእመናን ሺህ አሉ። «ሾርላይን ሬንተንን በለጠ እንዴ?» አለ ዘመድኩን፣ እንዲህ ያለውን ነገር በየዋህነት ነው የሚጠይቀው። በአራት ሺህ ለሾርላይን ወጣ። ሾርላይኖች አጨበጨቡ፤ ከዚያ አንዱ መጥቶ ክፍያ አለው ወይ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። በጆሮው መለስኩለት። ወዲያው «ለበረከት መልሰን ሰጥተናል» አሉ። እንደገና ተጫረተና ሬንተኖች አዋጥተው በስድስት ሺህ አምስት መቶ አሸነፉ።

«በማን ስም ይዛወር?» ብዬ ጠየቅኩ።

ያ ሁሉ ጀግና ጫማውን ማየት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ኪሴ ያለው ፖስታ ሞቀኝና አንድ መንፈሳዊ ሐሳብ መጣልኝ። ማይኩን ተቀበልኩ።

«ወገኖቼ፣ ያለውን የሰጠን ወንድማችን ባዶ እጁን ይቅር? ሳምንቱ ለራሱ ለወንዳፍራሽ በክብር ይመለስለት።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ወንዳፍራሽ ተነሥቶ «አይሆንም፣ ኧረ በማርያም አይሆንም» አለ። «ትሕትናውን እዩልኝ» አለ ዘመድኩን። ጋቢ አለበስነው። ሲያለቅስ ያዩ ሁሉ አብረው አለቀሱ። ሮማነወርቅ ብቻ አላለቀሰችም፤ ከወጥ ቤት ጭልፋ እንደያዘች ወጥታ እኔን አየችኝ፤ ብዙ ቆይታ ነው ያየችኝ። ሰኞ ጠዋት ፈረምኩ። ወንዳፍራሽ የገዛ ሳምንቱ ሦስተኛ ባለቤት ሆነ፦ መዋኛ የለው፣ ቁርስ የለው፣ እስከ 2021 ለማንም ማስተላለፍ የለ። ደብሩም አሥር ሺህ አምስት መቶ ዶላር አገኘ። እንዲህ ያለ የተሳካ ጨረታ አድርገን አናውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ሮማነወርቅ ማስታወቂያ አለኝ ብላ ማይኩን ያዘች።

«ይህን የሚያህል ስጦታ ለብቻችን መብላት ነውር ነው» አለች። «ባለቤቴና እኔ ሳምንቱን ለሰበካ ጉባኤው ዓመታዊ ስብሰባ አበርክተናል። አባላቱ እዚያ አድረው ስለ ደብራችን ይምከሩ። የአዳራሽ ኪራይ ብለው የሚያዋጡት ዘጠኝ መቶ ዶላር ብቻ ነው። እስከ 2021።»

እልልታው ካለፈው እሑድ በለጠ። የተሰጠን ነገር በሕዝብ ፊት እምቢ ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ አይታወቅም። በሳምንቱ ፈቃዷን ለሰኔ አስመዘገበች።

ይህንን የምጽፈው በ2015 ፌብሩዋሪ፣ ከሐይቁ ዳር ነው። ሰባት የጉባኤ አባላትና አስተናጋጃችን ወንዳፍራሽ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ነን። ሁዳዴ ነው፤ ሽሮ ወንዳፍራሽ ይሠራል፣ ዘመድኩን ተኝቶም ይጫረታል። በመስተዋቱ ማዶ የመጀመሪያ ባለቤቶች እንፋሎት ውስጥ ይዋኛሉ። በሩ ላይ ያለውን ሰው ለመግባት ብጠይቀው፣ ሁለተኛ ባለቤት አይገባም አለኝ። ሦስተኛ ነን ስለው አዘነልኝ።

ዛሬ ጠዋት ሮማነወርቅ ደወለች። «ጋሽ ኪዳኔ፣ እንዴት ነው ቦታው?»

«ብርድ ነው ልጄ። እንደው እኔ አርጅቻለሁ፣ ጸሐፊነቱን ለወጣት ላስረክብ አስቤያለሁ።»

«መተዳደሪያ ደንቡን የጻፉት እኮ እርስዎ ነዎት። ጸሐፊው በፈቃዱ የሚተካው ሰው እስኪገኝ ይቆያል ይላል። አይቼዋለሁ፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም።»

ስልኩን እንደዘጋች ወደ መልከጸዴቅ ደወልኩ። የጸሐፊነትን ክብሩን፣ በረከቱን፣ የሕዝቡን ፍቅር ዘረዘርኩለት። ስለ ፌብሩዋሪ አልተናገርኩም። ልጁ በጨዋ ደንብ ጨርሶ አዳመጠኝ።

«ጋሼ» አለ፣ «ከእሱስ ሳምንቱ ይሻለኛል። እሱ ቢያንስ ኤክስፓየር ያደርጋል።»