ኮላው እስኪይዝ

(የአናጢ ሱቅ፤ ወለሉ ሰጋቱራ ለብሷል። ከመስኮቱ ማዶ ምርጫ ጣቢያ የሆነው ትምህርት ቤት ይታያል። የግድግዳው ሰዓት አስራ አንድ ይላል፤ ጣቢያው የሚዘጋው አስራ ሁለት ላይ ነው። ቀለም ቀቢው እስከ ክርኑ የደረቀ ሰማያዊ ቀለም አለበት። በኮላ የተጣበቀ የሕፃን አልጋ ራስጌ በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል። አናጢው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው።)

አናጢ፦ ጠማማ አይደለም አልኩህ።

ቀለም ቀቢ፦ እንደኔ እንደኔ ግን ጋሼ፣ ትንሽ ጠሟል።

አናጢ፦ ዘወር ብሏል በል። ዘወር ማለትና መጣመም አንድ ነው?

ቀለም ቀቢ፦ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ቀለም ሁለቱንም እኩል ይቀባል።

አናጢ፦ ጠማማው ጎን ወደ ግድግዳ ይዞራል፣ አለቀ። ሃያ ዓመት የበላሁበት ሙያ ነው። ቀጥ ያለ ጣውላ ስጠብቅ የእህቴ ልጅ መሬት ይተኛ?

ቀለም ቀቢ፦ እሱስ ልክ ነህ። ታዲያ ምርጫውንም እንደዚሁ ብናየው ምናለ? ያቺ ለፓርላማ ዳግም የምትወዳደረው ነርስ ትንሽ ዘወር ብትል ነው እንጂ...

አናጢ፦ ጀመረህ ደግሞ። አገር የሕፃን አልጋ ናት?

ቀለም ቀቢ፦ አይ፣ አልጋውስ አንድ ቀን ያልቃል።

አናጢ፦ እጅህን አታላላ። ጣውላ የሚጨብጥልኝን ሞርሳዬን ጎረቤት ተውሶ አልመለሰም፤ ዛሬ ሞርሳው አንተ ነህ። ኮላው እስኪይዝ ድፍን አንድ ሰዓት ነው። ከለቀቅከው አፉን ይከፍትና የሠራሁት ሁሉ ገደል ይገባል።

ቀለም ቀቢ፦ አንድ ሰዓት? እስከዛ እኮ ጣቢያው ይዘጋል።

አናጢ፦ (ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አይቶ) ገና ነው፤ ምን ያክለፈልፍሃል። (ኮቱን ያነሳል) በል አንተ እሱን ያዝ፣ እኔ እዚህ ማዶ አንድ ጉዳይ አለኝ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቀለም ቀቢ፦ ነርሷን ለምን እንደማልመርጥ ሳትነግረኝ?

አናጢ፦ (ኮቱን መልሶ ይሰቅላል) ይሄስ ሊነገርህ ይገባል። እስቲ ከራስህ አፍ ልስማው፤ እንከን የላትም?

ቀለም ቀቢ፦ ኧረ ሞልቷታል።

አናጢ፦ ቁጠርልኝ።

ቀለም ቀቢ፦ ስብሰባ ላይ አርፍዳ ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ አትሄድም። ስም አይያዝላትም። ባለፈው ሰፈራችን መጥታ ከሟቹ ወንድሜ ጋር አምታታችኝና በቁሜ ነፍስ ይማር አለችኝ።

አናጢ፦ እሺ።

ቀለም ቀቢ፦ ፓርቲም ቀይራለች። ባለፈው ምርጫ ቃል ከገባችው ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የሠራችው።

አናጢ፦ ይኸው። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ቀለም ቀቢ፦ ግን ጋሼ፣ ያ ግማሹ ጤና ጣቢያው ነው። ሊዘጉት ሲሉ ፓርላማ ውስጥ ተሟግታ የማዋለጃ ክፍሉን ያተረፈችልን እሷ ናት። እህትህ ወሯ ገብቷል። እሱ ከተዘጋ ሆስፒታል የሚደረሰው በሁለት አውቶቡስ ነው፤ ምጥ ደግሞ አውቶቡስ አይጠብቅም። እኔ ማታ ማታ እሱን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።

አናጢ፦ እህቴን እዚህ ውስጥ አታግባብኝ። እኔ የማወራው ስለ መርህ ነው።

ቀለም ቀቢ፦ መርህ የማዋለጃ ክፍል አለው?

አናጢ፦ አየህ፣ አለማንበብ ይሄ ነው ጉዳቱ። ድምፅ ማለት ክብር ነው፤ ለተገኘው ሁሉ አይበተንም። ፍጹም ሰው እስኪመጣ ድምፅህን ይዘህ ቤትህ ትቀመጣለህ።

ቀለም ቀቢ፦ ፍጹሙ ሰው መቼ ነው የሚመጣው?

አናጢ፦ ሲመጣ ታየዋለህ።

ቀለም ቀቢ፦ እህትህ የምትወልደው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እስከዛ ይደርሳል?

አናጢ፦ አቤት አንተስ፣ ድንጋይ ነህ። ድንጋይስ ሲጠርቡት እሺ ይላል።

ቀለም ቀቢ፦ እኔማ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ጋሼ፣ ይሄ ሰጋቱራ አፍንጫዬ ገባ። አንዴ ያዝልኝ።

አናጢ፦ ትከሻህ ላይ እሸው።

ቀለም ቀቢ፦ ሊያስነጥሰኝ ነው። ልልቀቀው?

አናጢ፦ እንዳታደርገው። ወዲህ በለው። (ራስጌውን ተቀብሎ በሁለት እጁ ይጨምቃል) ምን እያልኩ ነበር?

ቀለም ቀቢ፦ (አስነጥሶ በርጩማው ላይ ይደላደላል) ፍጹም ሰው እያልክ ነበር። ደላላውስ? እሱም እኮ ይወዳደራል። እንከን የለውም?

አናጢ፦ እሱ ቢያንስ ሲናገር ያምርበታል።

ቀለም ቀቢ፦ ሲናገር ሰማሁት። ጤና ጣቢያውን አስፈርሼ የገበያ ሕንፃ አስቆማለሁ ነው የሚለው። እንደው ግን፣ ያን የሚያህል ሕንፃ ስንት በር ይኖረዋል?

አናጢ፦ መቶ ሃያ።

ቀለም ቀቢ፦ ታውቀዋለህ እንዴ?

አናጢ፦ ግምት ነው። የባለሙያ ግምት።

ቀለም ቀቢ፦ መስኮቱስ?

አናጢ፦ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት። (ያስላል) በግምት።

ቀለም ቀቢ፦ ወይ እውቀት። ጋሼ፣ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም። መርህ የምትለውን እስቲ ከሥሩ አስረዳኝ።

አናጢ፦ ከሥሩ?

ቀለም ቀቢ፦ ከመጀመሪያው። ምንም ሳትዘል።

አናጢ፦ (ፊቱ ይፈታል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል) ጥሩ። የሰው ልጅ ዋሻ ውስጥ ይኖር በነበረበት ዘመን...

(ሰዓቱ ይዞራል። አስራ ሁለት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። አናጢው ገና ከዋሻው አልወጣም።)

ቀለም ቀቢ፦ እና እሳቱ አጠገብ ማን ይቀመጥ የሚለው በድምፅ ነበር?

አናጢ፦ አታቋርጠኝ። እሱ ጋ እየመጣሁ ነው።

(ከትምህርት ቤቱ ደወል ይሰማል። ዘበኛው የግቢውን በር ይዘጋል።)

አናጢ፦ (ቀስ ብሎ ፈገግ ይላል) ተዘጋ። በል አማቼ፣ አሁን እውነቱን ልንገርህ፤ እንዳትቀየመኝ። መርህም የለም፣ ፍጹም ሰውም የለም። ደላላው ካሸነፈ በርና መስኮቱን በሙሉ ለኔ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። አንተ በክርክር እንደማትመለስ ስለማውቅ ኮላ አስያዝኩህ።

ቀለም ቀቢ፦ እህትህስ?

አናጢ፦ ለእህቴ... (ድምፁ ይወርዳል) መኪና እከራይላታለሁ። በሩ ሲሸጥ።

ቀለም ቀቢ፦ እኔም እውነቱን ልንገርህ እንግዲህ። (ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ ግራ እጁን ይጠርጋል። ሰማያዊው ቀለም ይለቃል። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ግን አይለቅም።)

አናጢ፦ ምንድነው እሱ?

ቀለም ቀቢ፦ የምርጫው ቀለም ነው። ጠዋት ሲከፈት እኔና እህትህ ነበርን ፊት የቆምነው። ነፍሰ ጡር ያስቀድሙ ነበር፤ እኔም በሷ ሆድ አለፍኩ።

አናጢ፦ ጠዋት? ታዲያ ከሰዓት በኋላ ሙሉ እዚህ ምን ትሠራለህ?

ቀለም ቀቢ፦ እህትህ ላከችኝ። «ወንድሜ ሰሞኑን በር መቁጠር አብዝቷል። ሂድና አስተምረኝ በለው፤ ማስተማር ከጀመረ ሰዓት አያይም» አለችኝ።

አናጢ፦ (የራሱን አውራ ጣት አንገቱን ሰብሮ ያያል፤ ንጹሕ ነው) እኔ... እኔ እኮ አልመረጥኩም።

ቀለም ቀቢ፦ ሞርሳ ደግሞ መቼ መርጦ ያውቃል።

(አናጢው ራስጌውን ሊወረውረው ይቃጣል።)

ቀለም ቀቢ፦ እንዳትለቀው። የእህትህ ልጅ ነው የሚተኛበት።

(አናጢው ጥርሱን ነክሶ መልሶ ይጨምቃል።)

አናጢ፦ ያን ሁሉ ሳስተምርህ እንዲያው አንድ ነገር እንኳ አልገባህም?

ቀለም ቀቢ፦ አንዷማ በደንብ ገብታኛለች ጋሼ፤ ያቺ ስለ ጠማማ ጎን ያልካት። (አናጢውን ከነራስጌው በሁለት ትከሻው ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረዋል፤ ጨርቁን በርጩማው ላይ ጥሎ ይወጣል።)